ጥያቄ ይዞ ደን መግባት

ተማሪን ከትምህርት ቤት ግቢ ማውጣት በብዙዎቻችን ዘንድ እንደ ሽልማት ይቆጠራል። ፈተና ያልቃል፣ አውቶቡስ ይከራያል፣ ሙዚቃ ይከፈታል፣ በአንድ ቀን ሦስት አራት ቦታ ይረገጣል፣ ፎቶግራፍ ይነሣና ማታ ወደ ቤት ይገባል። ልጆች ሲደሰቱ ማየት የሚጠላ መምህር የለም፤ እኔም አልጠላም። ነገር ግን የባዮሎጂ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ ደን ሲገባ የሚያስተምርበትን ቦታ ለወጠ እንጂ ማስተማሩን አላቋረጠም የሚል እምነት አለኝ። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ጉዞው እንደ ማንኛውም ክፍለ ጊዜ ዓላማና ዝግጅት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መልሱ አስቀድሞ ያልታወቀ ጥያቄ ያስፈልገዋል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን ወደ ሱባ መናገሻ ደን ይዤ የሄድኩበትን ቀን እዚህ የምጽፈው ሌሎች መምህራንም ይህን ቢሞክሩት ስለምመኝ ነው።

ሱባ የሚገኘው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ነው። ወጨጫ ከረጅም ዘመን በፊት የከሰመ እሳተ ገሞራ ሲሆን ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 3,385 ሜትር ይደርሳል። ከግርጌው ጽድ፣ ዝግባና ወይራ የበዙበት ጥቅጥቅ ያለ ደን አለ፤ ሽቅብ ሲወጡ ኮሶ እየበዛ ይመጣል፤ ከዚያ በላይ ዛፉ እያጠረ ሄዶ ቦታውን አስታና አምጃ የሚባሉት ቁጥቋጦዎች ይይዙታል። የመማሪያ መጽሐፉ በአንድ ሥዕል የሚያሳየውን የዕፅዋት ቀጠና ተማሪው በእግሩ እየወጣ በግማሽ ቀን ሊያየው ይችላል ማለት ነው። ከተፈጥሮው ደን ጎን ለጎን ደግሞ በሰው እጅ የተተከሉ የባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጽድ ይዞታዎች ስላሉ ሁለቱን ማነጻጸር ለሚፈልግ መምህር ከዚህ የተሻለ ቦታ በከተማዋ ዙሪያ አላውቅም።

ወሩን የመረጥነው አስበንበት ነው። በኅዳር መንገዱ ደርቋል፣ ጅረቶቹ ግን ገና አልነጠፉም፣ ኮሶውም ማበብ ጀምሯል፤ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተናም ገና ስለሆነ የሚሰበሰበውን መረጃ በክፍል ውስጥ ለመተንተን ጊዜ ይኖራል። ተማሪዎቹን ከመውሰዴ በፊት ቅዳሜ ቀን ብቻዬን ሄጄ መንገዱን በእግሬ ሄድኩበት። አውቶቡሱ የት ሊዞር እንደሚችል፣ ስልክ የት ላይ እንደሚቋረጥ፣ መጸዳጃ ቤት የት እንዳለ፣ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ምን ያህል እንደሚርቅ ማወቅ የመምህሩ ግዴታ ነው። ለወላጆች የተላከው የፈቃድ ቅጽ አለርጂና አስም ያለበትን ልጅ ለይቶ የሚጠይቅ ነበር። ተማሪዎቹን ደግሞ ሁለት ሁለት አድርጌ አጣመርኳቸው፤ መምህር አርባ ጭንቅላት ሲቆጥር ሊሳሳት ይችላል፣ ጓደኛው ከአጠገቡ የጠፋበት ልጅ ግን ወዲያው ይናገራል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የወሰደብን ጥያቄዎቹን ማዘጋጀቱ ነው። እያንዳንዱ ቡድን ከመሄዱ በፊት ምን እንደሚለካ፣ በምን እንደሚለካና ምን ውጤት እንደሚጠብቅ በደብተሩ ላይ መጻፍ ነበረበት። የሚጠበቀውን አስቀድሞ ማስጻፍ የግድ ነው እላለሁ። ተማሪ ግምቱን ካልጻፈ ያየውን ሁሉ «እንደጠበቅሁት ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ከጻፈ ግን ግምቱና ያየው ሲለያዩበት ቆሞ ለማሰብ ይገደዳል።

በአውቶቡሱ ውስጥ ማይክሮፎኑን የያዘው የታሪክ መምህር የሆነው ባልደረባዬ ነበር። በትውፊት እንደሚነገረው ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ተራቁቶ በነበረው ወጨጫ ላይ ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን በመጣ ዘር ጽድ አስተክለዋል። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ተሻገረ። አዲስ አበባ በ1886 እ.ኤ.አ. ተቆርቁራ ብዙም ሳትቆይ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ አለቀ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ዋና ከተማውን እኛ በምንሄድበት አቅጣጫ ወዳለው አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። ሐሳቡ የተተወው ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ለከተማዋ ማገዶ ሊሆን በመቻሉ ጭምር ነው፤ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም በኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ተማሪዎቹ በመስኮት የሚያዩት ባሕር ዛፍ ከተማቸው ዛሬ ያለችበት ቦታ ላይ ለመቅረቷ አንዱ ምክንያት መሆኑን ሲሰሙ ጫጫታው ጋብ አለ። አንድን ጉዞ ሁለት የትምህርት ዓይነቶች ቢጋሩት ምን ያህል እንደሚያተርፉ ያን ጊዜ ግልጽ ሆኖልኛል።

ደኑ ጫፍ ላይ እንደወረድን መጀመሪያ የቆምነው ከአንድ የእንዶድ ቁጥቋጦ ፊት ነው። ከተማሪዎቹ አብዛኞቹ እንዶድን በስሙ ያውቁታል፤ ተክሉን በዓይናቸው ያዩት ግን ጥቂቶች ነበሩ። ሦስት አራት የደረቁ ፍሬዎች በውሃ ጠርሙስ ውስጥ ጨምረን ስንንጠው አረፋው እስከ ጠርሙሱ አንገት ወጣ። ከዚያ የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ነገርኳቸው። በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያመጣው ጥገኛ ትል የሚራባው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ስለሆነ፣ በወንዝ ዳር የታየችው ይህች ነገር ለዓመታት ምርምር መነሻ ሆነች፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝታላቸዋለች። እነዚያን ቀንድ አውጣዎች ብዙ ሰው አልፏቸው ሄዷል፤ ለምን ሞቱ ብለው የጠየቁት እሳቸው ናቸው። የቀኑን ሥራ በዚህ ታሪክ የጀመርኩት ተማሪዎቼ ሳይንስ በውጭ አገር ቤተ ሙከራ ብቻ የሚሠራ እንዳይመስላቸው ስለምፈልግ ነው።

የመጀመሪያው ቡድን ሥራ ሙቀት መለካት ነበር። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል እንደሚቀንስ ከጂኦግራፊ ትምህርታቸው ያውቃሉ። ችግሩ ተራራ የሚወጣ ሰው በማለዳ ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ የሚደርሰው እኩለ ቀን ላይ መሆኑ ነው፤ ከላይ ያለው አየር በፀሐይ ሞቆ ከማለዳው የግርጌ አየር የበለጠ ሙቀት ሊያሳይ ይችላል። ይህን ችግር ያገኙት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ከጉዞው በፊት በክፍል ውስጥ ዕቅዱን ስንወያይ አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ ከፍታውንና ሰዓቱን አንድ ላይ ከቀየርናቸው ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ በምን እናውቃለን?» ብላ ጠየቀች። ስለዚህ ቡድኑ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ከአንድ መምህር ጋር ግርጌው ላይ ቀረ፣ ግማሹ ወጣ፤ ሁለቱም በተስማሙበት ሰዓት ቴርሞሜትራቸውን በጥላ ሥር ሰቅለው አነበቡ። ልዩነቱ ከመጽሐፉ ቁጥር ጋር ልክ በልክ አልገጠመም፤ አቅጣጫው ግን ገጠመ። ልክ ያልገጠመበትን ምክንያት መፈለጉ ለቡድኑ ከቁጥሩ የሚበልጥ ትምህርት ሆኖለታል።

የዛፍ ቁመት የሚለካው ቡድን መሣሪያውን የሠራው በፕሮትራክተር፣ በክር፣ በጠጠርና በአንድ ስትሮ ነው። በስትሮው ውስጥ የዛፉን ጫፍ እያዩ ክሩ 45 ዲግሪ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ወደ ኋላ መሄድ፣ ከዚያ እስከ ግንዱ ያለውን ርቀት ለክቶ የዓይንን ከፍታ መደመር ብቻ ነው ሥራው። ታንጀንት 45 ለምን አንድ እንደሆነ ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ ጽፈውታል። አሁን ግን አንድ ሽቅብ የቆመና አንድ ቁልቁል የቆመ ተማሪ ያንኑ ዝግባ ለክተው እጅግ የተራራቀ ቁመት ይዘው ሲመጡ፣ ስሌቱ የሚሠራው ለኪውና የዛፉ ግርጌ በእኩል ደረጃ ላይ ሲሆኑ ብቻ መሆኑን ያለ እኔ ማብራሪያ ደረሱበት። ጠመዝማዛው ተዳፋት በመጽሐፍ ውስጥ የለም፤ መጽሐፍ ላይ መሬት ሁልጊዜ ሜዳ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የያዘው የሦስተኛው ቡድን ጥያቄ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጥያቄው «ይህ ደን ከመቶ ዓመት በኋላ ምን ይመስላል?» የሚል ነበር። የወደፊቱ ደን ዛሬ መሬት ላይ ያለው ችግኝ ስለሆነ፣ ቡድኑ በገመድ አምስት ሜትር በአምስት ሜትር የሆኑ መደቦችን እየከለለ በውስጣቸው በራሳቸው የበቀሉ የዛፍ ቡቃያዎችን ቆጠረ። ሦስት ዓይነት ቦታ መርጠናል፤ አንደኛው በትልልቆቹ ጽዶች ጥላ ሥር፣ ሁለተኛው አሮጌ ዛፍ ወድቆ ሰማይ በከፈተበት ገላጣ፣ ሦስተኛው በተተከለው የፈረንጅ ጽድ ሥር።

መጀመሪያ የገጠማቸው ችግር የጽድን ቡቃያ መለየት ነበር። የትልቁ ጽድ ቅጠል እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ቅርንጫፉ ላይ የተለጠፈ ነው፤ ሲዳሰስም አይወጋም። የቡቃያው ቅጠል ግን ሹል መርፌ ሆኖ ሦስት ሦስት እየሆነ ይወጣል። ልጆቹ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዘው «እነዚህ የተለያዩ ዕፅዋት ናቸው» ብለው ተከራከሩ። እኔም መልሱን አልሰጠኋቸውም። ከክርክሩ መካከል አንዱ ልጅ ከወገቡ የማይበልጥ ወጣት ጽድ አግኝቶ ጠራን፤ ከታች ያለው ቅጠል መርፌ፣ ከጫፉ ያለው ቅርፊት ነበር፤ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ሁለቱም ይታያሉ። ሁሉም ተንበርክከው በየተራ ዳሰሱት። የዛፍ ቅጠል በልጅነቱና በጉልምስናው ሊለያይ እንደሚችል ከዚህ በተሻለ ላስተምራቸው የምችልበት መንገድ የለኝም።

ከዚያ ቆጠራው ቀጠለ። ከትልልቆቹ ጽዶች ሥር የጽድ ቡቃያ ይበዛል ብለው ጽፈው ነበር፤ እናት ዛፎቹ እዚያው ናቸውና ግምቱ ትክክል ይመስላል። ያገኙት ግን ብዙ የሌላ ዛፍ ቡቃያ፣ ቀጨሞና ጠምበለል ሲሆን የጽዱ ቡቃያ ከስንት አንድ ነበር። ዛፍ በወደቀበት ገላጣ ሥፍራ ግን የጽድ ቡቃያ በየቦታው ብቅ ብሏል። ጽድ ብርሃን ወዳድ ዛፍ ነው፤ በራሱ ጥላ ሥር ልጁ አያድግም። ስለዚህ ግዙፎቹ ጽዶች የቆሙበት ደን እንደዚያው ተዘግቶ ቢቆይ ቀስ በቀስ ጥላ በሚችሉ ዛፎች እየተተካ ሊሄድ ይችላል። አንድ ደን ቆሞ ሳለም እየተለወጠ እንደሆነ፣ ተተኪነት የሚለው የኢኮሎጂ ርዕስ ስለ ምን እንደሚያወራ ልጆቹ በጣታቸው እየቆጠሩ ደረሱበት።

የፈረንጅ ጽዱ ሥር ደግሞ ምንም አይበቅልም ብለው በሙሉ ልብ ጽፈው ነበር። እውነትም መሬቱ ከላይ ሲያዩት በረገፈ ቅጠል የተሸፈነ ባዶ ሜዳ ነው። ገመዱን ዘርግተው በአራት እግራቸው ሲፈልጉ ግን ጥቂትም ቢሆኑ የአገር በቀል ዛፎች ቡቃያ አገኙ። ዘሩን ማን አመጣው? ወፎችና ዝንጀሮዎች ከተፈጥሮው ደን ፍሬ በልተው እዚህ ይጥሉታል የሚል መላ ምት አቀረቡ። ይህ ለእኔም ደስ የሚል ነው፤ የውጭ ዛፍ ሁሉ ጠላት ነው የሚለውን ያለ ማስረጃ የሚደጋገም አባባል ልጆቼ በራሳቸው ቆጠራ እንዲመረምሩት አድርጓልና። የተፈጥሮ ደን በአጠገቡ ካለ የተተከለ ደን ለአገር በቀሉ ችግኝ መጠለያ ሊሆን ይችላል፤ በአጠገቡ ከሌለ ግን ዘሩ ከየት ይመጣል? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ የጻፈው ራሱ ቡድኑ ነው።

ደኑን ከሚጠብቁት አንዱ፣ ልጆቹ ጋሼ እያሉ የሚጠሯቸው አዛውንት፣ ከእኛ ጋር አብረው ወጥተው ነበር። ለእያንዳንዱ ዛፍ በኦሮምኛ የሚጠራበትን ስም እየነገሩን ተማሪዎቹ በሠንጠረዡ ላይ ከአማርኛው አጠገብ ጻፉ፤ ዝግባን ብርብርሳ፣ ወይራን ኤጀርሳ፣ ኮሶን ሄጦ ብለው። ከአንድ የኮሶ ዛፍ ሥር አቁመውን ወደ ላይ ቀልተው የተንዠረገጉትን አበቦች አሳዩን፤ «መድኃኒቱ የሴቴው ነው፤ ወንዴው ያ ማዶ ያለው ነው» አሉ። የወንዴው አበባ ወደ ነጣ ያለ ብርቱካንማ ነው። «ቲቸር፣ ዛፍ ወንድና ሴት አለው እንዴ?» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። ኮሶም ጽድም ዝግባም ወንዴና ሴቴ ለየብቻ የሚቆሙ ዛፎች መሆናቸውን ነገርኳቸው። ያን ጊዜ አንዱ ልጅ በትምህርት ቤታችን አጥር ሥር በየዓመቱ እያበበ የማያፈራውን ፓፓያ አስታወሰ። ጋሼ ኮሶ ከመጠን ካለፈ ሰው እንደሚጎዳ አስጠንቅቀው ማንም እንዳይሞክረው አሳሰቡ፤ እኔም ደግሜ አሳሰብኩ።

ከምሳ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ጉሬዛ ተመለከትን። ሥራው ቀላል ነው፤ ድምፅ ሳያሰሙ ተቀምጦ በየሁለት ደቂቃው አንድ ጉሬዛ ምን እየሠራ እንደሆነ በምልክት መመዝገብ። ልጆቹ ዝላይና ጨዋታ ጠብቀው ነበር፤ ወረቀታቸው የሞላው ግን «ተቀምጧል» በሚል ምልክት ነው። ጉሬዛ በዋነኛነት ቅጠል በል ነው። ቅጠል ደግሞ ጉልበቱ ትንሽ፣ መፈጨቱ ከባድ ስለሆነ፣ በተከፋፈለው ሆዱ ውስጥ ባክቴሪያዎች እስኪያብላሉለት ድረስ ረጅም ሰዓት ማረፍ አለበት። አሰልቺ የሚመስል ወረቀት የሥርዓተ ምግብን ምዕራፍ በሙሉ ይዟል። ስልኮቹን ጠዋት መሰብሰቤ የጠቀመውም እዚህ ላይ ነው፤ ለከፍታ መለኪያና ለድንገተኛ ጉዳይ ከቡድን መሪዎች በስተቀር ማንም ስልክ አልያዘም።

ስለ ገንዘቡም ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ክፍያ መክፈል ያልቻለ ልጅ ቤት ቀርቶ ሌሎቹ የሚማሩበት ጉዞ ትምህርት ሊባል አይገባውም። ክፍለ ጊዜ ከሆነ የሁሉም ነው። እኛ ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ጋር ተነጋግረን ለመኪና ኪራዩ ከሚዋጣው ላይ የማይችሉት ልጆች ድርሻ ማንም ስማቸውን ሳያውቅ እንዲሸፈን አደረግን፤ ምሳ ሁሉም ከቤቱ በምሳ ዕቃ ይዞ መጥቶ አብሮ በላ። ሱባ ድረስ መሄድ የማይችል ትምህርት ቤት ደግሞ ይህንኑ ገመድና ይህንኑ ፕሮትራክተር ይዞ ወደ አቅራቢያው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ ወደ ወንዝ ዳር ወይም ወደ ራሱ አጥር ሥር መሄድ ይችላል። የአገራችን አብያተ ክርስቲያናት በዙሪያቸው ጠብቀው ያቆዩት ዛፍ ለባዮሎጂ መምህር ከየትኛውም ቤተ ሙከራ ያልተናነሰ ሀብት ነው።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ ቡድን ሠንጠረዡን ሰሌዳ ላይ አስፍሮ ግምቱንና ያገኘውን አነጻጸረ። ነጥብ የሰጠሁት ለጽሑፍ ውበት አይደለም፤ ከግምቱ ጋር ያልተስማማውን ቁጥር ሳይደብቅ ላቀረበና ምክንያቱን ለፈለገ ነው። የሦስተኛው ቡድን አባላት ግን በዚያ አላቆሙም። የጽዱን ቡቃያ ያሳነሰው የብርሃን እጥረት ነው ወይስ ሌላ ነገር የሚለውን ለመፈተን ከችግኝ ጣቢያ የጽድ ዘር አግኝተው ከቤተ ሙከራው ጀርባ ሁለት መደብ አዘጋጅተዋል፤ አንዱን በጥላ መረብ ሸፍነውታል፣ ሌላውን ክፍት ትተውታል፤ አፈሩና የሚጠጣው ውሃ እኩል ነው። የጽድ ዘር ለመብቀል ሳምንታት ስለሚፈልግ ውሃ የማጠጣቱን ተራ እስከ የካቲት ድረስ ተከፋፍለዋል፤ ውጤቱንም የሚጽፉት እነሱ ናቸው።